የቁራው ሁለት ክንፍ

መቶ አለቃ ሰብስቤ ስልኩ ሲጮህ የሰው ሱሪ እያሳጠረ ነበር። ዓርብ ጠዋት ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ የስፌት መኪና የሚረግጥ ከእሱ በቀር ማንም የለም፤ ሌላው ልብስ ሰፊ ሁሉ ተኝቷል። እሱ እንቅልፉን ድሮ ጎንደር፣ የወንጀል ምርመራ ክፍል ወንበር ላይ ረስቶት መጥቷል።

«መቶ አለቃ፣ ድረስልኝ።» የአበሻ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጥዑመልሳን ነው። «አርካዊት ሰፈር ነኝ፣ ትምህርት ቤቱ። ማዘንጊያ አሟታል።»

«ምን አሟት?»

«ና ብቻ።»

ሰብስቤ መቀሱን አስቀመጠ። አበሻ «አሟታል፣ ና ብቻ» ካለ ሬሳ አለ ማለት ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ካገሩ ወጥቶ ቋንቋው እንኳ ቢጠፋበት ይቺን አይረሳትም።

ይህ የሆነው ጦርነቱ ካርቱምን ከመብላቱ ጥቂት ወራት በፊት ነው። ያኔ ሰው መከራውን የጨረሰ መስሎት ለልጆቹ ተውኔት ያዘጋጅ ነበር። ተውኔቱ ዘፈን የበዛበት ነው፤ ወፎች ተሰብስበው ንጉሥ ይመርጣሉ። ወፍ ደግሞ ላባ ይፈልጋል። ላባውን ከብጣሽ ጨርቅ የሚሰፉት እናቶች ናቸው፣ በነጻ። በነጻ የሚሠራ ሥራ ከሚከፈልበት ይልቅ ያንገላታል፤ ተውኩት አይባል፣ ደከመኝ አይባል። ሜሮን አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ማዳሟ ቀትር ላይ ጋደም ስትል ጠብቃ ወጥ ቤት ውስጥ ትሰፋለች። ዓባይ ሻይ ሻጭ ናት፤ በሁለት ብርጭቆ መሀል ላባ ትቆርጣለች፣ ደንበኞቿም ሻያችን ውስጥ ክር ገባ ብለው ይሰድቧታል። የሁሉም አለቃ ማዘንጊያ ነበረች። ቤቷ ድስቱ ያራል፣ እሷ ትምህርት ቤት መኪና ትረግጣለች። አሁን በዚያው መኪና ሥር ተጋድማለች።

ሰብስቤ በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። መጀመሪያ ያየው ወለሉን ነው። ላባው ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚነከርበት የስታርች ገንዳ ተገልብጦ ወለሉን አልብሶታል፤ በካርቱም ሙቀት ደርቆ ነጭ ቅርፊት ሆኗል። ሬሳው በነጠላ ተሸፍኗል። ቀስ ብሎ ገለጠው። ጆሮ ግንዷ ላይ ቁስል አለ፤ የመኪናው የብረት እግር ጥግም ደም ነክቶታል። ዓይኗ ተከድኗል። አገጯ በጨርቅ ቁራጭ ታስሯል። የእግሯ አውራ ጣቶች ገጥመው ታስረዋል።

«አንተ ነህ የገነዝካት?»

«በማርያም አልነካኋትም!» ጥዑመልሳን ድሮ ዲያቆን ነበር፤ አሁን ጢሙን ተላጭቶ ኪቦርድ ይመታል፣ የተውኔቱን ዘፈን የደረሰውም እሱ ነው። «በሩ ገርበብ ብሎ አየሁ። ስገባ እንዲሁ ነበረች።»

«ግንዘት ግን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ማወቅ ወንጀል ነው?»

«ገና አልወሰንኩም» አለ ሰብስቤ።

ከሬሳው አጠገብ አንድ በርጩማ ተስቦ ቀርቧል። ሰው ተቀምጦበታል፤ እግሩ ሥር የክር ብጥስጣሽ ፈሷል። ሰብስቤ ተንበረከከና በጥፍሩ ነካካው። ጥቁሩ ክር ከስታርቹ ጋር ተጣብቆ ደርቋል፤ አልነሳ አለው። ቀዩ ክር ግን በደረቁ ላይ ልቅ ሆኖ ተበትኗል፤ እፍ ቢለው በረረ።

እንጨት ላይ የተሰቀለው የቁራ ልብስ ከአሮጌ ጥቁር ቶብ የተሠራ ነው፤ ቶብ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበት ረጅም ጨርቅ ነው፣ ማዳሞቹ ሲሰለቻቸው ለሠራተኛ ይሰጡታል። አንዱ ክንፍ በቦታው አለ። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ በፌስታል ውስጥ ነው። ከሁለቱም ክንፍ አንድ አንድ ረድፍ ላባ ጎድሏል። አልተቀደደም፤ ክሩ አንድ በአንድ ተበጥሶ፣ ጨርቁ ሳይጎዳ ተነስቷል።

«ፌስታሉ የማን ነው?»

«የሜሮን። ክንፉን እሷ ነበረች የምትሰፋው።» ጥዑመልሳን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መቶ አለቃ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ትናንት ሁላችንም ፊት ተጣልተዋል። ማዘንጊያ 'ቁራ በቀይ ክር ይሰፋል ወይ?' ብላ ጮኸችባት። ሜሮን 'ማዳም ቤት ያገኘሁት ክር እሱ ነው፤ አንቺ ምን አለብሽ!' አለቻት። ስትወጣ ደግሞ 'ድፍት በይ!' ብላ ረገመቻት። እነሆ ተደፋች።»

«በእርግማን የሚሞት ቢኖር ዓባይ ሻይ የምትሸጥለት ሰው አይተርፍም ነበር።»

«አትቀልድ። ያለ ፖሊስ ወረቀት ቀብር የለም። ጁምዓ ሲያልቅ እንዲደርሱ እደውላለሁ። ባዶ እጄን ከጠበቅኳቸው ደግሞ ሁላችንንም ጭነው ትምህርት ቤቱን ያሽጉታል። ያደረገችውን ልስጣቸውና የቀረው ይትረፍ።»

«ሜሮን ኢቃማ አላት?»

«የመኖሪያ ወረቀት ከየት ታመጣለች? ፓስፖርቷም ማዳሟ ጋ ነው።»

«ከሰጠሃቸው አትመለስም ማለት ነው። ልጇስ?»

የሜሮን ልጅ ራሔል እዚያው ትምህርት ቤት ትማራለች፤ ካርቱም ተወልዳ አማርኛዋ ገና ያልበሰለ፣ ከእናቷ በቀር ዘመድ የሌላት። ቁራ ሆና የምትዘፍነውም እሷ ናት።

«እስከ ጁምዓ ተወኝ» አለ ሰብስቤ።

ዘበኛውን ሙሄዲንን በር ላይ አገኘው። ሙሄዲን በአረብኛ መለሰለት፣ እጁን እያወናጨፈ። «ያ ዓም ሰብስቤ፣ ወላሂ የማውቀውን እነግርሃለሁ። ለፈጅር፣ ለንጋት ሶላት፣ ወደ መስጊድ ስወጣ ማዘንጊያ ገባች። በሩን እንደ ሁልጊዜው ክፍት ትቼ ሄድኩ። ተመልሼ ከተቀመጥኩ ብዙ ቆይቶ፣ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ሜሮን መጣች፣ ፌስታል ይዛ። ገባች፣ ወዲያው ሮጣ ወጣች። ሰላም እንኳ አላለችኝም።»

«ወዲያው ስትል?»

«ሲጋራዬን ለኩሼ ሁለቴ ሳልስብ።»

«ከዚያ በኋላ ከበር ተነስተሃል?»

«ፉል ልገዛ ሄጃለሁ። ወረፋ ነበረ። ሰው ነኝ፣ ይርበኛል!»

ሰብስቤ ስልኩን አወጣና ሦስት ሰው ጋ ደወለ። ለሦስቱም ያው አንድ ቃል ነው የተናገረው፦ «ማዘንጊያ አሟታል፤ ትምህርት ቤት ድረሱ።» ከዚያ በር ላይ ቆሞ አመጣጣቸውን ጠበቀ።

ዓባይ ረክሻ ከሚሉት ባጃጅ ሳትወርድ ድምፅዋ ደረሰ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አውጥታ ነው የመጣችው። «ዋይ ማዘንጊያ! ዋይ እህቴ!»

«ሞተች ማን አለሽ?»

«አሟታል አላልከኝም? ከዚህ በላይ ምን እንድትለኝ ነው የምጠብቀው፣ አንተ ደረቅ!» ደረቷን መታች። «ያቺ ሎሌ ናት! ትናንት በጆሮዬ ሰምቻታለሁ!»

ሜሮን በእግሯ መጣች፣ ሽርጧ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ። ጮክ ብላ አልጠየቀችም። «ሞታለች አይደል፣ ጋሼ?» አለች። ሰብስቤ ራሱን ነቀነቀ። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ቀጥሎም የተናገረችው የደሀ ነገር ነው፦ «ማዳም እስከ ምሳ ብቻ ነው የፈቀደችልኝ።»

በመጨረሻ የማዘንጊያ ባል በላይነህ ደረሰ። የእድሩ ሰብሳቢ ነው። ካርቱም ውስጥ አበሻ በሞተ ቁጥር ቤተ ሰብ ደጃፍ ቆሞ መርዶ የሚነግረው፣ ሬሳ የሚገንዘው፣ ቀብር የሚያስፈጽመው እሱ ነው። የተተኮሰ ነጭ ጀላቢያ ለብሷል። በአንድ እጁ ብርቱካን በፌስታል፣ በሌላው የራስ ምታት ክኒን ይዟል።

«የት ተኝታለች?» አለ። «ወባ ነው? ጠዋት እኮ ደህና ነበረች። ትንሽ ጭማቂ ብታገኝ ይሻላታል።»

ሰብስቤ ብርቱካኑን አየ። አንዱም የተመታ የለበትም፤ ተመርጦ የተገዛ ነው። «በላይነህ» አለው ቀስ ብሎ፣ «ማዘንጊያ አርፋለች።»

በላይነህ እንደቆመ ብርቱካኑን ለቀቀው። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ብዙ አልቃሽ ያየው ሰብስቤ እንባውን መረመረ፤ እውነተኛ እንባ ነው። ይህም አሳዘነው።

ሜሮንን ብቻዋን ወደ አንደኛ ክፍል አስገባት። ለሕፃን በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው ከአገጫቸው ሊገጥም ደርሶ ተቀመጡ።

«ጠዋት መጥተሻል።»

«መጥቻለሁ። ማዳም ሳትነሳ መመለስ ነበረብኝ። ክንፉን ልስጣትና ይቅርታ ልጠይቃት ነበር።»

«ጠየቅሻት?»

«በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ፣ ዝም አለች። ሰው እንዳለ ይሰማኛል፤ ክር ሲበጠስ፣ ጠስ፣ ጠስ። ተቀይማኝ ነው ብዬ ፌስታሉን እጀታው ላይ አንጠልጥዬ ሮጥኩ።»

«ፌስታሉ እኮ ውስጥ ነው የተገኘው። አንድ ረድፍ ላባም ጎድሎታል።»

«ሞልቼ ነው ያመጣሁት!» ከአግዳሚው ተነሳች። «የቱ ነው የጎደለው? ሰማያዊ መስመር ያለበት ነው? ስንት ቀን ፍዳዬን ያየሁበት! እትዬ ማዘንጊያ የወንድ ሸሚዝ ቆርጣ ግማሹን ለኔ ሰጠችኝ፣ ግማሹን በግራው ክንፍ እሷ በጥቁር ክር ሰፋችው። ቁራ ፀሐይ ሲመታው ሰማያዊ ይላል፣ ልጅሽ ስትዞር ያምርባታል አለችኝ።»

«የማን ሸሚዝ ነው?»

«አልጠየቅኳትም። ስትቆርጠው መቀሱን ደጋግማ ታስቀምጠው ነበር። ደክሟት መሰለኝ።» ወደ መስኮቱ አየች። «ጋሼ፣ ልሂድ? ከዚህ ከወጣሁ ማዳም ቤት ማንም አያገኘኝም። ራሔልን ልምምዷን ስትጨርስ ዓባይ ታምጣልኝ።»

«አትሂጂ። ዛሬ ከሸሸሽ ገዳይ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ሁሉም ባለበት ነገሩን እፈታዋለሁ። ስምሽ ነጽቶ ትወጫለሽ።»

«ስሜን ምን ላደርገው፣ ጋሼ?»

ሰብስቤ ሰምቷታል፤ ጆሮው ግን ወደ ራሱ ሐሳብ አዘንብሏል። ኩሩ ሰው ነበር። ማዕረጉን የነጠቀው አገር ሩቅ ነው፣ ችሎታውን ግን ማንም አልነጠቀውም፤ እሱን የሚያሳይበት ቀን ደግሞ ስንት ጊዜ ይመጣል?

ዓባይን ከግቢው ዛፍ ሥር አገኛት።

«ባልና ሚስቱ እንዴት ነበሩ?»

«ምን ባልና ሚስት አሉና! ሻምበል ከጠፋ ወዲህ አልጋቸው ለየቅል ነው።»

«ልጃቸው?»

«አንድያቸው። በሊቢያ በኩል ወጣ። ጀልባው ሰጥሞ የተረፉት ልጆች መጥተው ሊነግሩ ሲሉ በላይነህ በሩን ዘጋባቸው። ካርቱምን በሙሉ መርዶ ሲያረዳ የኖረ ሰውዬ የራሱን አልሰማም አለ! ይመጣል ይላል እስከ ዛሬ። እሷ ግን እናት ናት፣ አውቃዋለች። ጥቁር ልልበስ ብትለው ከለከላት። ተዝካር ላውጣ ብትለው የልጄ ገዳይ አላት። ምን ታድርግ? ወደዚህ መጥታ የሰው ልጅ ታለብሳለች።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «አሁን ያቺን ልጅ አስራት እንጂ ምን የሞተ ታሪክ ትቆፍራለህ?»

በላይነህ አሁንም መሬት ላይ ነው፤ ደረቱን በመዳፉ ተጭኖ።

«ጠዋት የት ነበርክ ወንድሜ?»

«ቤቴ። ሳይነጋ ወጣች። ልብስ፣ ልብስ፣ ልብስ! ቤቷን ትታ የላባ አሽከር ሆና ቀረች።»

«ከቤት የወሰደችው ጨርቅ ነበር?»

«የእሷን ጨርቅ እኔ አልቆጥር።»

«ብርቱካኑንስ ከየት ገዛህ?»

«ስትደውልልኝ ከሰፈሬ ጥግ ገዛሁ። ታማለች አልከኝ!» ቀና ብሎ አየው። «ለታመመ ሰው ባዶ እጅ ይመጣል?»

«አይመጣም» አለ ሰብስቤ።

የጁምዓ ስብከት ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ሲያስተጋባ ሁሉንም በልምምዱ አዳራሽ ሰበሰባቸው። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ጥዑመልሳን ኪቦርዱ ላይ ተደገፈ፤ ሙሄዲን በር ላይ ቆመ፤ ዓባይ ከፊት፣ በላይነህ ከጥግ፣ ሜሮን ደግሞ ለመውጣት እንደተዘጋጀች ሁሉ ከበሩ አጠገብ። ሰብስቤ መሀል ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የገደላት አልሸሸም» ብሎ ጀመረ። «ሌባ ቢሆን ይሸሻል። ጠላት ቢሆን ይሸሻል። ይሄ ግን ዓይኗን ከደነ፣ አገጯን አሰረ፣ ጣቶቿን ገጠመ። ይህ ደግሞ ሰውነቷ ሳይደርቅ፣ ወዲያው የተደረገ ነው። ገድሎ የሚገንዝ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሬሳን ክፍት መተው የማይችል፣ እጁ የለመደ።»

«ጥዑመልሳን ዲያቆን ነበር!» አለች ዓባይ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጠዋት ሜሮንን አልሽ፣ አሁን እኔን!»

«ቆዩ። ሜሮን ሬሳ ገንዛ አታውቅም። አንቺም ዓባይ፣ ለቅሶ ቤት ከበር ላይ ነው የምትጮሂው፣ ወደ ሬሳው ተጠግተሽ አታውቂም።»

«እፈራለሁ፣ ምን ይጠበስ!»

«ቀጥሎ ክሩ። ትግል ነበረ፣ ገንዳው ተገለበጠ። ስታርቹ ገና እርጥብ ሳለ አንድ ሰው ተቀምጦ የግራውን ክንፍ ፈታ፤ ጥቁሩ ክር እርጥቡ ላይ ወድቆ አብሮ ደረቀ። ቀዩ ክር የሜሮን ነው፣ ከቀኙ ክንፍ። እሱ በደረቀው ላይ ነው የተበተነው፤ ስለዚህ የሜሮን ክንፍ እዚያ ክፍል የገባው ማዘንጊያ ከሞተች ብዙ ቆይቶ ነው። ሙሄዲን፣ ሜሮን ምን ያህል ቆየች አልከኝ?»

«ሁለቴ ሳልስብ።»

«በዚያች ቅጽበት ሰው ገድሎ፣ ገንዞ፣ ስታርች አድርቆ፣ ሁለት ክንፍ ፈትቶ የሚወጣ ሰይጣን ነው። ሜሮን ያለችው እውነት ነው። በሩ ተቀርቅሮ ነበር፤ እሷ ስታንኳኳ ገዳዩ ውስጥ ተቀምጦ ክር ይበጥሳል። ስትሄድ ከፍቶ ፌስታሉን አስገባው፣ ሁለተኛውንም ፈታ፤ ሙሄዲን ፉል ሊገዛ ሲሄድ ሾልኮ ወጣ።»

«መቶ አለቃ፣ ፍጠን» አለ ጥዑመልሳን ሰዓቱን እያየ። «ደውያለሁ። ጁምዓ ሊያልቅ ነው።»

«ነገር ካልተዘረዘረ አይታመንም። ነገ ደግሞ ገዳይ ናት ብላችሁ ትመለሱባታላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።» ሰብስቤ ጣቱን አነሳ። «አሁን ዋናው፤ ለምን ፈታው? ከክንፎቹ የተነሳው ሌላ ላባ አይደለም፣ አንድ ሸሚዝ ብቻ ነው። ሰማያዊ መስመር ያለበት የወንድ ልጅ ሸሚዝ። አንዲት ቁራጭ ሳትጎዳ፣ ሳትቀር። ለጨርቁ ቢሆን ሱቁ ሞልቶታል። ያ ሰው የፈለገው ጨርቁን አይደለም፣ የለበሰውን ነው።»

ዓባይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የሻምበል» አለች በእጇ ሥር።

ማንም ወደ ጥግ አላየም። ሰብስቤ ብቻ አየ።

«በላይነህ፣ ዛሬ ሦስት ሰው ጋ ደውዬ አሟታል አልኩ። ዓባይ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች። ሜሮን ሞታለች አይደል አለችኝ። አንተ ብርቱካን ይዘህ መጣህ። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ አድርጎ ነው እላለሁ። አንተ ግን በዚህ ከተማ ስንት ቤት ደጃፍ ቆመህ 'ትንሽ አሞታል' ብለሃል? ያን ቃል ያስተማርከን አንተ ነህ። ቃሉን ሰምተህ ያልደነገጥክ፣ ሞታለች ወይ ብለህ ያልጠየቅከኝ አንተ ብቻ ነህ። አታውቅም እንድንልህ ስትጣጣር ሕፃን የሚያውቀውን የማታውቅ ሆነህ መጣህ።»

በላይነህ ደረቱን የያዘበትን እጅ ወደ ጀላቢያው አስገባ። ያወጣው የጨርቅ ጥቅል ነው፤ ቁራጩ ሁሉ በልኩ ተደራርቦ፣ እጅጌው ከእጅጌ፣ አንገትጌው ከላይ።

«ሳይነጋ ሳጥኑን ከፈትኩ» አለ። ድምፁ መርዶ ሲናገር የሚያወጣው ያ ዝግ ያለ ድምፅ ነው። «የለም። ሮጬ ተከተልኳት። ሸሚዙ የት ነው ስላት ክንፉን አሳየችኝ። በላይነህ፣ ልጃችን ሞቷል፣ ሌላው ልጅ ይልበሰው አለችኝ። አልሞተም አልኳት። ሞቷል አለች። አልሞተም! ሲመጣ ምን ይለብሳል?» ጥቅሉን ጭኑ ላይ አስተካከለ። «ገፋኋት እንጂ አልመታኋትም። ብረቱ ነው። አፏን ከፍታ ቀረች። እንዴት እንዲያ ትቅር? ገነዝኳት፣ ሸፈንኳት። ከዚያ ተቀምጬ ፈታሁት። የቀረውን ከየት አመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ ይቺ ልጅ መጥታ አንኳኳች።»

ሜሮን ተነስታ ቆማ ነበር። «እኔን ሲይዙኝስ?» አለችው። «ዝም ልትል ነበር?»

በላይነህ አላያትም። «ልጄን መጠበቅ አለብኝ» አለ። «እኔ ከታሰርኩ ሲመጣ ቤቱ ማን አለ?»

ዓባይ ማልቀስ ጀመረች፤ አሁን ግን ድምፅ አልነበረውም። ወደ ሜሮን ሄዳ ትከሻዋን ነካች፤ ይቅርታ መሆኑ ነው። ሜሮን ፊቷን ወደ በሩ መለሰች። በዚያው ቅጽበት ቦክሱ፣ ጭነት ክፍሉ ክፍት የሆነው የፖሊሶች መኪና፣ በሩ ላይ ቆመ።

ፖሊሶቹ በላይነህን ለመያዝ አልተቸገሩም። ጥቅሉን ሊቀሙት ሲሉ ግን ጮኸ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያልጮኸው ሰውዬ። አስረው ጫኑት። አለቃቸው ላቡን እየጠረገ አዳራሹን ዞር ብሎ አየ።

«ያላ፣ ኢቃማ።»

ጥዑመልሳን አሳየ። ዓባይ ከጡቷ መሀል ካርዷን አወጣች። ሰብስቤ የስደተኛ ወረቀቱን ዘረጋ። ሜሮን ስልኳን ይዛ ማዳሟ ጋ ደወለች፤ ፖሊሱ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋው ሁሉም ሰማ። «ፖሊስ?» አለች ማዳሟ በአረብኛ። «እኔ እንደዚህ የምትባል ሰው አላውቅም።» ተዘጋ።

ሰብስቤ በፖሊሱ ፊት ቆመ። በተሰባበረ አረብኛው፣ በመቶ አለቃነቱ ሁሉ ጮኸ። «ይቺ ልጅ ምንም አላደረገችም! ገዳዩ ይኸው፣ ይዛችሁታል! እሷ ንጹሕ ናት!»

ፖሊሱ ገርሞት አየው። «ያ ሐጅ፣ ስለ ግድያ ማን ጠየቃት?»

ሜሮን ሽርጧን ፈትታ አጠፈችና ለዓባይ ሰጠቻት። አላለቀሰችም። መኪናው ላይ ከመውጣቷ በፊት ወደ ሰብስቤ ዞረች።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ያወቅከው?»

ሊዋሽ ነበር። አልቻለበትም። «ብርቱካኑን ሳይ።»

«ልሂድ ስልህ ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

ሰብስቤ ስሟን ሊያነጻ ነበር፤ አንጽቶታል። ስምዋ አዳራሹ ውስጥ ቀረ፣ እሷ ተጫነች። አንዱ ፖሊስ ክንዷን ይዞ ከበላይነህ ጎን አስቀመጣት። ገዳዩና ንጹሕዋ በአንድ አግዳሚ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተያይዘው ሄዱ።

ጥዑመልሳን «ምን ማድረግ ይቻል ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «አፍህን ያዝ» አለችው ዓባይ።

ለልምምድ የሚመጡት ልጆች በዚያው ሰዓት መግባት ጀመሩ። ራሔል መጀመሪያ ወደ ስፌት ክፍሉ ሮጠች፤ ሙሄዲን መንገድ ዘግቶ መለሳት። ከዚያ ግቢውን ስትቃኝ ቆየችና ወደ ሰብስቤ መጣች።

«አባባ ሰብስቤ፣ እማ ወይን? የት ናት? ጠዋት እመጣለሁ ብላኝ።»

ሰብስቤ ጎንበስ አለ። ስንት ሌባ፣ ስንት ነፍሰ ገዳይ ፊት ለፊት አስቀምጦ ቃል ያስወጣ ሰው ነው። አሁን ከራሱ አፍ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው። መንገዱን አየ፤ ከመኪናው አቧራ በቀር ምንም የለም።

ልጅቷ መልስ ስታጣ እጁን ያዘች፣ ጎተተችው። እሱም ተከተላት፤ ከዚያ ወዴት እንደሚወስዳት ግን አያውቅም ነበር።